ወፍ ያልመጣችበት አውጫጭኝ

መጀመሪያ የሞትኩት ከረባት ላወርድ ስል ነው።

አትደንግጡ፤ የሞትኩት በኮምፒዩተር ጌም ውስጥ ነው። ሰውዬው፣ ማለትም እኔ፣ በአንድ ርካሽ ሆቴል ክፍል ወለል ላይ በውስጥ ሱሪ ብቻ ተዘርሮ ከስካሩ ይነቃል። ስሙን አያውቅም፤ ሥራውን አያውቅም፤ ያለበትንም ከተማ አያውቅም። ከረባቱ ጣሪያው ላይ ከሚሽከረከረው ማራገቢያ ላይ ተንጠልጥሏል። የተከበረ ሰው ከረባቱን ጥሎ አይወጣም ብዬ እጄን ብዘረጋ የሰውዬው ልብ ቀጥ አለችና ጨዋታው አለቀ። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና በመጀመሪያው ገጽ ከረባት ሲያወርድ የሞተበት ድርሰት አጋጥሞኝ አያውቅም።

ይህ የሆነው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሁሉ ባዘጋበት ሰሞን ነው። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ወረታ ሲመጣ ጌሙን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ገዝቶት ይሁን ሳይገዛው አልጠየቅኩትም፤ ለመርማሪነት እንደማልሆን ገና ያኔ መታወቅ ነበረበት። «ጋሼ፣ ይኼኛው ተኩስ የበዛበት አይደለም፤ ንባብ ነው» አለኝ። የጨረስኩት በ2017 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጎበዙ በሠላሳና በአርባ ሰዓት ይጨርሰዋል አሉ። እኔን ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

«አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ሆነና ነው ጌም ላይ የተጣደው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እላለሁ። የተማሪዎቼን ነፍስ የሚበላ ጋኔን ነው እያልኩ ስሰብክ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን እንደ አንድ ድርሰት አንብቤዋለሁና እንደ ድርሰት ልተቸው ነው። ገና ያልጨረሳችሁት ካላችሁ ጋዜጣውን አጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ገዳዩን እናገራለሁ።

የጌሙ ስም ዲስኮ ኤሊሲየም ይባላል። የወጣው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። የሠሩት የኤስቶኒያ ልጆች ናቸው። ኤስቶኒያ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ገደማ የሆነ የባልቲክ አገር ናት። ዋናው ደራሲ ሮበርት ኩርቪትስ ጌሙ የሚካሄድበትን ዓለም መጀመሪያ በልብ ወለድ መልክ በኤስቶኒያ ቋንቋ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተመ። መጽሐፉ ግን አልተሸጠለትም። አንባቢ ያጣ ደራሲ እኛ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ወይ ጠጅ ቤት ይገባል፣ ወይ ስለ አንባቢ መጥፋት በየመድረኩ ንግግር ያደርጋል። ይህኛው ጓደኞቹን ሰብስቦ ያንኑ ዓለም ጌም አደረገው። ከአንድ ሚሊዮን ቃላት በላይ እንዳለው ይነገራል። በወጣበት ዓመት ዘ ጌም አዋርድስ በሚባለው የታወቀ ውድድር ላይ አራት ሽልማት አፈሰ። ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ኩርቪትስና ባልደረቦቹ ያለ ፈቃዳቸው ከራሳቸው ኩባንያ መውጣታቸው ተሰማ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ስለ ሠራተኛና ስለ ካፒታል ጠብ የጻፉ ሰዎች በዚያው ጠብ ተሸነፉ። ይህንን ልብ ወለድ ውስጥ ብታስገቡት «በጣም የተቀመመ ነው» ብዬ በቀይ እሰርዝባችሁ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሬቫሾል በምትባል፣ አብዮቷ ከተደመሰሰ አርባ ዓመት ባለፋት ከተማ፣ ማርቲኔዝ በሚባል የወደብ ሰፈር፣ ከሆቴሉ ጓሮ አንድ ሰው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኝቷል። ሰባት ቀን ሙሉ ያወረደው የለም። የሰፈር ልጅ ሬሳውን በድንጋይ ይደበድባል። ከረባት ያጣው ሰካራም ለካ ይህንን ሊያጣራ የተላከ ፖሊስ ኖሯል። ቆሞ ይጠብቀው የነበረው ከሌላ ጣቢያ የመጣው ሌተናንት ኪም ኪትሱራጊ ነው፤ መነጽራም፣ ደብተሩን ከእጁ የማይለይ፣ ትዕግሥቱ የማያልቅ ሰው። ሁለቱ ከሰው ሰው እየዞሩ ይጠይቃሉ። ጌሙ በሙሉ ይኸው ነው፤ መጠየቅ። ከሚገርመው ነገር አንዱ፣ በጨዋታው ውስጥ ሰዓቱ የሚሄደው ሰው ስታነጋግር ወይም ስታነብ ብቻ ነው። ዝም ብለህ ብትቆም ቀኑ አይመሽም።

እዚህ ላይ ነው የመምህርነት አመሌ የተነሣው። የእኔ ዘመን አንባቢ ለመርማሪ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሼርሎክ ሆምስን በአማርኛ አንብበናል፤ የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች ተሻምተናል፤ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልብ ወለዶች በኩራዝ ጨርሰናል። ሆምስ የሲጋራ አመድ አይቶ የአጫሹን ማንነት የሚነግርህ ሰው ነው። እውነት ያለችው በአንድ ብልህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የቀረነው እንደ ዶክተር ዋትሰን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ይህ ሰካራም ግን በሆምስ ሚዛን ሲመዘን ምንም አልመጣልህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እንግሊዝኛውም ከባድ ነው፤ ደራሲዎቹ የፈጠሩት የአገርና የጦርነት ስም ብቻ አንድ መዝገበ ቃላት ይወጣዋል።

በኋላ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀብኝ ሳለ፣ ይህ ነገር ሆምስ እንዳልሆነ ገባኝ። ይህ አውጫጭኝ ነው!

ለከተሜው አንባቢ ላስረዳ። በእኛ አገር ወንጀል የሚጣራው በአንድ ሰው ብልሃት አልነበረም። አገር ይሰበሰባል። ሸዋ አፈርሳታ ይለዋል፤ በእኛ በኩል አውጫጭኝ ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሞቶ ሲገኝ፣ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ሰው በተራ እየቀረበ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ገበሬው እርሻውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ መቀመጡ ራሱ ቅጣት ነውና የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱ እንዳይጉላላ ሲል ይናገራል። የሚጠቁመው ሰው ማንነቱ እንዳይታወቅ ስሙ ወፍ ነው። «ወፍ ነገረችን» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። የዛሬ ልጆች ወሬ የሰሙበትን ሲጠየቁ «ወፍ ነገረችኝ» ብለው የሚያፌዙት ቃል ዱሮ የሰው ነፍስ ያለበት ቃል ነበር።

ሌባ ሻይ የሚባልም ነበር። አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ራሱ ሲዞር ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ስንት ንጹሕ ሰው እንዳለቀበት እግዜር ይወቀው፤ በኋላ መንግሥት ከለከለው።

እንግዲህ ዲስኮ ኤሊሲየምን በእነዚህ በሁለቱ አንብቡት። መርማሪው የጠጣው ሌባ ሻይ ነው፤ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ያላየውን አየሁ ይላል። ገመዱን የያዘው ኪም ነው። በመርማሪው ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ሃያ አራት ድምፆች አሉ፤ ተጫዋቹ ነጥብ እየሰጠ የሚያሳድጋቸው ችሎታዎች ናቸው፤ እንደ ሰው ይናገራሉ። አንዱ አመክንዮ ነው፤ አንዱ ርኅራኄ ነው፤ አንዱ የከተማዋ ብርድ በጀርባው ሲያልፍ የሚሰማው ነው፤ አንዱ ደግሞ «አንዲት ጠርሙስ ብቻ» እያለ የሚወተውት ሱሱ ነው። ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳንዴም ይዋሻሉ። የአንድ ሰው ራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ አውጫጭኝ ማለት ነው። የሶፎክልስ ኤዲፐስ ገዳይ ሲፈልግ ራሱን እንዳገኘ ሁሉ፣ ይህም ሰው ገዳይ ሲፈልግ በየሰዉ አፍ ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ ስሙን እንኳ የሚሰማው ከሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ተያዘልኝ። ጊዜው ግን አልተያዘልኝም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ገባ። ከወልድያ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን አልፎ የሚመጣው መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ጋር የሚጋጠመው እኛው ከተማ ላይ ነው። ስለዚህ ተፈናቃዩም፣ ቁስለኛውም፣ ወሬውም በወረታ ነው የሚያልፈው። ላፕቶፑን በከረጢት አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ስልክ ግንድ ሆነ። ያኔ ነው ያ ጌም ኢንተርኔት እንደማይፈልግ ያስታወስኩት። ማታ ማታ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱን ሲዘጋ፣ እኔ ማርቲኔዝ ወርጄ «ይህን ሰው ማን ገደለው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀልቤን የሳበው የገዳዩ ማንነት አልነበረም። ለአንድ ሟች፣ ያውም ማንም ለማያዝንለት ቅጥረኛ ወታደር፣ ሁለት ሰዎች ቀን ከሌት መንከራተታቸው ነው። እኛ ያን ሰሞን ሙታንን የምንሰማው በቁጥር ነበር፤ ቁጥሩም እንደ ተናጋሪው ይለያይ ነበር።

መሐል ላይ አንድ ነገር አቆመኝ። የወደቡ ሠራተኛ ማኅበር ጎረምሶች አሉ። ስለ ተሰቀለው ሰው ሲጠየቁ አንድ ላይ ይቆሙና «እኛ ነን፤ ሁላችንም ነን የሰቀልነው» ይላሉ። ፍትሕ እንደሰጡ ነው የሚያወሩት። ሬሳው ሲመረመር ግን ከራስ ቅሉ ውስጥ ጥይት ይወጣል። ሰውዬው አስቀድሞ በጥይት ሞቷል፤ የተሰቀለው ሬሳው ነው። አንዲት ሴት እንዳትጠረጠር ብለው ነው ወንጀሉን ለሁሉም ያካፈሉት። የሁሉም የሆነ ወንጀል የማንም አይሆንምና።

እዚያ ላይ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ከአንድ ዓመት በላይ አልከፈትኩትም። ምክንያቱም እኔም ቤት ያልተዘጋ መዝገብ አለ።

ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ያን ጊዜ የፎገራ ሜዳ እንዲህ ሩዝ አልለበሰም ነበር። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጣና ራሱ ተነሥቶ ደጅህ የመጣ ይመስላል። ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ይወጣል፤ ያ ስመ ጥሩ የፎገራ ከብት ይሰማራበታል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ከብት ጠብቆ ሊያድር እንደወጣ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ርብ ዳር ቄጠማ ውስጥ ተገኘ። በጥይት ነው የተመታው። ከብቶቹ አልተነኩም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ይህ የፊውዳል ልማድ ነው» ብሎ ቢያጉረመርምም ሽማግሌዎቹ አገሩን ዋርካ ሥር ሰበሰቡት። እኛ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ሆነን እናይ ነበር። ሁለት ሰንበት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እየቀረበ ማለ። በሁለተኛው ሰንበት ማታ ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና «ወፍ አልመጣችም» አሉ። ሕዝቡ ተበተነ።

አውጫጭኙ ተበተነ እንጂ ፍርዱ አልተበተነም። በሳምንቱ አገር ሁሉ ገዳዩን «አወቀ»። ከገደሉ ማዶ ካሉት አንድ ቤተሰብ ጋር በግጦሽ መሬት ተጣልተን ነበር፤ በቃ። ደም ይመለስ የሚሉ ነበሩ፤ አያቴ ገዝታ ከለከለቻቸው። ደም ባይመለስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ አንደራረስም፤ ሠርግ አንጠራራም፤ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ መንገድ እንቀይራለን። ከአርባ ዓመት በላይ። እኔ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ስለ ማስረጃና ስለ ጥርጣሬ ለተማሪ ንግግር አድርጌ ስመለስ፣ ወረታ አውቶቡስ ተራ ላይ የዚያ ቤት ልጅ ሲያጋጥመኝ ፊቴን አዞር ነበር።

እንግዲህ የጌሙ ጎረምሶች «ሁላችንም ነን» ሲሉ የሰማሁት የእኛን ሰዎች ነው። እነዚያ «ሁላችንም ገደልነው» ይላሉ፤ እኛ «ሁላችንም እናውቃለን» እንላለን። ሁለቱም አንድ መጋረጃ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ሜዳው እንደ ልማዱ በውኃ ተሸፍኖ፣ እናቴን ላስታምም ቤት በዋልኩበት ወቅት ጌሙን ከፍቼ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ጥይቱ ወዴት እንደሄደ ሲሰላ ከባሕሩ ውስጥ ካለች ደሴት ይመጣል። እዚያ የፈረሰ ምሽግ አለ። በምሽጉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። የድሮው አብዮት ኮሚሳር ነው፤ ጓዶቹ ሲያልቁ ከድቶ አመለጠ፤ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያች ደሴት ላይ ጠመንጃውን እየወለወለ፣ በመነጽሩ የከተማውን ሰው እያየ፣ እየጠላ ኖረ። ሟቹን ከሴቲቱ ጋር በመስኮት አየው፤ ተኮሰ። በርዕዮተ ዓለም ነው? በቅናት ነው? በእርጅና ነው? እሱም ለይቶ አያውቅም።

እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ይህ መጨረሻ መጀመሪያ ላይ አናደደኝ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል የመርማሪ ታሪክ ደራሲ፣ ያውም ቄስ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዐሥር ትእዛዛት አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ ወንጀለኛው በታሪኩ መግቢያ አካባቢ መጠቀስ አለበት የሚል ነው። አለዚያ አንባቢ ይታለላል። ይህን ሽማግሌ ግን ደሴቱ ላይ እስክንደርስ ድረስ በአካል አናገኘውም። አምስት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው? በተማሪዬ ወረቀት ላይ ቢሆን ዜሮ ነበር። ሌላም እንከን አለው። ትልልቁ ጉዳይ ሁሉ በሁለት ዛር ውርወራ ይወሰናል፤ ብልህ ጥያቄ ጠይቀህ ዛሩ እምቢ ካለ ሞኝ ትሆናለህ። ቀልዱም አንዳንዴ ከልኩ ያልፋል፤ ደራሲው ብልህነቱን ካላሳየ የሚያንቀው ይመስላል።

ስውል ስታደር ግን ኖክስ ተሳስቶ ጌሙ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። የኖክስ ሕግ የሚሠራው ወንጀለኛው ከተሰበሰቡት መሐል በሆነበት ሳሎን ነው። አውጫጭኝ የሚከሽፈው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተጠራው ሰው ሁሉ ቢምልም፣ ያልተጠራ አለ። ጌሙ ውስጥ ሁሉም ሰው ሲጠራጠር የኖረው የዛሬ ጠላቱን ነው፤ ሠራተኛው ኩባንያውን፣ ኩባንያው ሠራተኛውን። የገደለው ግን ከዱሮ ጦርነት የተረፈ፣ ማንም በሕይወት አለ ብሎ ያላሰበው ጥላቻ ነው። አብዮት አይቶ ያደገ ትውልድ ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በየልባችን ደሴት ላይ ጠመንጃ የሚወለውል አንድ ሽማግሌ ያለን ብዙዎች ነን።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ደግሞ አለ። ከሽማግሌው ጋር እየተነጋገርክ ሳለ ከቄጠማው መሐል አንድ ፍጡር ብቅ ይላል። ግንጥል ቅርንጫፍ የመሰለ፣ ከሰው የሚበልጥ ነፍሳት ነው። ጨዋታውን ሙሉ አንድ የዋህ ባልና ሚስት «አለ» እያሉ ሲፈልጉት፣ ሌላው ሰው ሲስቅባቸው የነበረው ነው። ለካ እዚያው ነበር። አየሁትና «ወፏ መጣች!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ አንተ?» አለች።

ስለዚህ ነገርኳት። ሰማንያ ዓመት ያለፋትን እናቴን ምድጃ ዳር አስቀምጬ ዲስኮ ኤሊሲየምን እንደ ተረት አወራሁላት። ስለ ከረባቱ ሳቀች። ስለ ተሰቀለው ሰው «ኤድያ፣ ሰባት ቀን ሙሉ? የሚያወርድ ዘመድ የለውም?» አለች። ደሴቱ ላይ ስደርስ ዝም አለች።

«ሽማግሌውን ማን ጠቆመባቸው?»

«ጥይቱ ነው እማዬ። የመጣበትን አቅጣጫ አሰሉት።»

«ሲጠየቅስ ካደ?»

«አልካደም። እኔ ነኝ አለ።»

እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። ቆይታ «ያኔ እኛም ጋ ያየ አልነበረም እኮ» አለች። «ያየ ቢኖር ወፍ ትመጣ ነበር። እኛ ሳናይ ነው ያወቅነው።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኳት።

ሳናይ ነው ያወቅነው። ይህን ዐረፍተ ነገር የያዘ ዘመን ነው የምንኖረው። ሰው ሲገደል ወሬው ደጃችን ከመድረሱ በፊት ገዳዩ ይታወቃል። ማን እንደሆነ ለማወቅ የሟቹን ወገን ማወቅ ይበቃል፤ ቀሪው ሂሳብ ነው። የሟቹን ስም ሳንሰማ የገዳዩን ብሔር እንናገራለን። የመርማሪ ታሪክ አባት የሚባለው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው ታሪኩ ውስጥ፣ የፓሪስ ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ የገዳዩን ድምፅ ሰምተው ይመሰክራሉ። የሚገርመው፣ ምስክሩ ሁሉ ድምፁን የሚሰጠው ለባዕድ ነው፤ ያውም ራሱ ቋንቋውን ለማያውቀው ባዕድ። በመጨረሻ ገዳዩ ከአንድ መርከበኛ እጅ ያመለጠ እንደሆነ ታውቁ ይሆን? ጦጣ መሰል ፍጡር፣ ኦራንጉታን ነበር። ቋንቋም አልነበረውም። ከዚያ ታሪክ ጀምሮ የመርማሪ ድርሰት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሬሳውና በፍርዱ መካከል ጊዜ መኖር አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጠየቅ አለ። አውጫጭኝም ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ያንን ጊዜ ያውቅ ነበር። ሽማግሌው «ወፍ አልመጣችም» ማለት ይችሉ ነበር። «አናውቅም» ብሎ በይፋ መነሣት ከፍርድ ሁሉ የከበደ ፍርድ ነው። ችግሩ ሕዝቡ አልሰማቸውም።

ስለዚህ ትችቴን ስጠቀልል፣ ዲስኮ ኤሊሲየም ትልቅ ድርሰት ነው እላለሁ። ትልቅነቱ በቃላቱ ብዛት አይደለም። አንድን ጥያቄ ሳያውቅ እንደማያውቅ ሆኖ፣ እየተሳሳተ፣ እየተዋረደ የሚጠይቅን ሰው ለብዙ ሰዓታት እንድትሆነው ስለሚያስገድድህ ነው። ልብ ወለድ ስታነብ መርማሪውን ከጀርባ ትከተለዋለህ፤ እዚህ ግን ስሕተቱ የራስህ ነው፤ ንጹሕ ሴት ብታስር ያሰርካት አንተ ነህ። ይህን መጽሐፍ ሊሰጠኝ እንደማይችል አምኜ ተቀብያለሁ፤ የተማሪዎቼ አምላክ ይቅር ይበለኝ። በአገራችንም ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ቅኔ ጌምስ የሚባሉት ኩኩሉንና ገበታን ሠርተዋል። አንድ ሚሊዮን ሰው በሚናገረው ቋንቋ የከሰረ ደራሲ ይህን ከሠራ፣ በአማርኛ አውጫጭኝን የሚያህል ጨዋታ እጃችን ላይ እያለ ምን እንጠብቃለን? ዋርካው አለ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ወፏም አለች።

የእኔን መዝገብ በተመለከተ ግን ገዳዩን አላገኘሁም። ከዚህ በኋላም የማገኘው አይመስለኝም። የሚያውቁት ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ መጀመሪያውኑ አያውቁም።

መስከረም ላይ፣ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽና ሩዙ ራስ መያዝ ሲጀምር፣ ከገደሉ ማዶ ያሉት ቤት እናት አረፉ የሚል መርዶ መጣ። ከእናቴ ጋር እኩያ ናቸው፤ በልጅነታቸው አንድ ምንጭ ውኃ ይቀዱ ነበር አሉ። ማለዳ ስነሣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች።

«ባጃጅ ጥራልኝ» አለችኝ።

ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ትልቁ ልጃቸው፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ፊቴን የማዞርበት ሰው፣ ተነሥቶ እናቴን በክንዷ ደግፎ ከሴቶቹ ጋር አስቀመጣት። ለእኔም አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ንፍሮ መጣልን፤ በላን።